ባል ጠፋ ማለት ፍቺ ቀረ ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ጋዜጣ ማንበብ የምጀምረው ከኋላ ገጽ ነው። ጨረታውን አልፌ የፍርድ ቤት መጥሪያዎቹ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። «ተከሳሽ አድራሻቸው ስላልታወቀ በጋዜጣ እንዲጠሩ ታዟል፤ በተባለው ቀንና ሰዓት ባይቀርቡ ጉዳዩ በሌሉበት ይታያል» የምትለዋ ትንሽ ሳጥን ጋ። ብዙ ሰው አይቶ ያልፋታል። የሚያነባትም የዕዳ ወይም የቦታ ክርክር ትመስለዋለች። እኔ ግን የክርክሩ ምክንያት ፍቺ መሆኑን ሳይ፣ ከሳሽ ተብላ የተጻፈችው ሴት እዚያች ሳጥን ላይ እስክትደርስ ምን ያህል እንደተንከራተተች አውቀዋለሁ። እኔም በዚያው መንገድ ነው የሄድኩት።

የምጽፍላችሁ ለአንድ ነገር ነው። እዚህ ጅማ ውስጥ፣ ሄርማታ ገበያ በሉት፣ ፈረንጅ አራዳ በሉት፣ ቆጪ በሉት፣ ሰው ሁሉ የሚያምነው የጠፋ ባል ወይም የጠፋች ሚስት አይፈታም ብሎ ነው። «እሱ ሳይመጣ እንዴት ተደርጎ!» ይላሉ። «ለመፋታትም እኮ ሁለት መሆን ያስፈልጋል» ይላሉ። ይህን የሚለው ፊደል ያልቆጠረ ሰው ብቻ አይደለም። የባንክ ሠራተኛ ሲለው ሰምቻለሁ። መምህር ስትለው ሰምቻለሁ። የተከበሩ የዕድር ዳኛም ብለውታል። ስህተት ነው። ሕጉ እንዲህ አይልም፣ ስንት ሴት ግን ሕጉ ያላለውን ተሸክማ ታረጃለች።

ከእኛ አካባቢ ሰው በብዙ መንገድ ይጠፋል። ከአጋሮ፣ ከዴዶ፣ ከሰቃ ልጆቻችን ወደ ዓረብ አገር ይሄዳሉ። ወንዶቹ በሞያሌ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ይወርዳሉ፣ ወይም ወርቅ ቁፋሮ ብለው ይወጣሉ፣ ወይም አዲስ አበባ ሥራ ላፈላልግ ብለው ጠዋት አውቶቡስ ይሳፈራሉ። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ ግን ለመጥፋት የወሰነ ሰው እዚያም ይጠፋል። መጀመሪያ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ቀጥሎ ይዘጋል። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ስትደውይ ሌላ ሰው ያነሳዋል፣ ቁጥሩ ተሽጧልና። ከዚያ በኋላ ያለው ወሬ ብቻ ነው። አንዱ ሞቷል ይላል፣ አንዱ ጆሃንስበርግ ሱቅ ከፍቶ አይቼዋለሁ ይላል፣ አንዱ ሌላ አግብቷል ይላል። አማቶች ጋ ስትሄጂ ደግሞ ወይ ያለቅሳሉ ወይ ዝም ይላሉ።

ሰው «እሺ ይጥፋ፣ ምን ቸገራት፣ ዝም ብላ ትኑር» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ትዳር ማለት ስሜት ብቻ ይመስለዋል። ትዳር እኮ ወረቀት ነው፣ ንብረት ነው፣ ፊርማ ነው። ባልየው ባይኖርም ጋብቻው አለ። ጋብቻው እስካለ ድረስ ደግሞ እሷ ብቻዋን የምታፈራው ሀብት ሁሉ የሁለቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሴቶቻችን የማያውቁት ዋናው ነገር ይሄ ነው። የቤተሰብ ሕጉ በትዳር ውስጥ የተገኘ ሀብት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የግሌ ነው የሚል እሱ ያስረዳ ይላል። ከሥራ የሚገኝ ገቢም የጋራ ነው። እንግዲህ አስቡት። ባሏ ጥሏት ሄዷል። እሷ በርበሬ ቸርችራ፣ ቡና ለቅማ፣ ዕቁብ ገብታ፣ ቦሳ ኪቶ አንዲት ቤት ሠራች። ሰውየው ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ ቢመጣ «ድርሻዬን» ማለት ይችላል። ሲሄድ ያልነበረች ቤት ላይ! እውነቱን ማስረዳት ይቻላል ይባል ይሆናል፣ ግን ክርክሩን የምትገጥመው እሷ ናት፣ ጠበቃ የምትቀጥረው እሷ ናት፣ ምላሹን በፍርሃት የምትጠብቀው እሷ ናት።

ቤቷን ልሽጥ ብትል ደግሞ አትችልም። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይከራይም። የፌዴራሉ ሕግማ ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ለመሸጥና ለማስያዝም፣ ከዚያ በላይ ለመበደርም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ 500 ብር ብር ነበር። ዛሬ ምን እንደሚገዛ ገበያ የወጣ ያውቃል። ባንክ ብድር ስትጠይቂ «ባለቤትሽ ይፈርም»፣ ውል ልታጸድቂ ስትሄጂ «ወይ ባልሽን ወይ ያላገባ ማስረጃ»። እሷ ደግሞ ያላገባችም አይደለችም፣ ባልም የላትም።

ልጅ ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ከጠፋው ባሏ ሳትፋታ ከሌላ ሰው ጋር ኑሮ ጀምራ ብትወልድ፣ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ብሎ ሕጉ ይገምታል። ልጁን ያልወለደው፣ የት እንዳለ የማይታወቀው ሰው በሕግ አባት ይሆናል ማለት ነው። እውነተኛው አባት አጠገቡ ቆሞ! ፍቺ ሳይኖር ሌላ ጋብቻ መፈጸም ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ያስጠይቃል፣ ከባድ በሆነ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ድረስ። ማንም ከሶት አያውቅም ብሎ የሚያገባ ሞልቷል። ክሱ የሚመጣው ንብረት ሲኖር፣ ዘመድ ሲጣላ፣ ውርስ ሲነሳ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ «አይፈታም» የሚለው ወሬ ከየት መጣ? እኔ ስጠይቅ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከባድ ምክንያት ያለውን የፍቺ ጥያቄና የሌለውን ለይቶ ያይ ነበር። ከከባዶቹ ምክንያቶች አንዱ ባል ወይም ሚስት ቤቱን ጥሎ ሄዶ ለሁለት ዓመት ያህል የት እንዳለ አለመታወቁ ነበር። ጉዳዩንም የሚያዩት የቤተዘመድ ዳኞች ነበሩ። የዛሬ ትልልቅ ሰዎች ያደጉት በዚያ ሕግ ነው። ስለዚህ «ሁለት ዓመት ጠብቂ»፣ «ሽማግሌ ይጨርሰው» የሚሉት ከዚያ የተረፈ ነው። አልፈርድባቸውም። ግን ያ ሕግ ተለውጧል። በአዲሱ ሕግ ከባልና ሚስት አንዱ ብቻውን የፍቺ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፣ ምክንያቱን የመዘርዘር ግዴታም የለበትም፣ ፍቺ የሚወስነው ደግሞ ፍርድ ቤት ብቻ ነው። እኛ ኦሮሚያ ውስጥ ያለን ሰዎች የምንዳኘው ክልሉ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 ባወጣውና በኋላ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። መሠረቱ ከፌዴራሉ ጋር ይመሳሰላል፣ አንቀጾቹን ግን ሕግ አዋቂ ያሳያችሁ።

የእኔን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ። ባለቤቴ ሥራ ብሎ ወጣ። ለጥቂት ጊዜ ይደውል ነበር፣ ከዚያ ቀረ። ቤተሰቦቹ ዘንድ ሄድኩ፣ የሚያውቁት የለም አሉኝ፣ እውነታቸውን ይሁን አይሁን እግዜር ይወቀው። ሱቄን ይዤ ልጆቼን አሳደግኩ። አንድ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ «ባልሽን ይዘሽ ነይ» ተባልኩ። «ባል የለኝም፣ ጠፍቷል» ስል «እንግዲያው ፈልጊው» አለኝ ሰውየው፣ በቃ፣ ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ጎረቤቴ «እትዬ፣ ዩኒቨርሲቲው ነጻ የሕግ ድጋፍ አለው፣ እዚያ ሂጂ» ያለችኝ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ሰዎች በነጻ ምክር የሚሰጥባቸው ማዕከላት አሉት፣ አቤቱታም ይጽፋሉ። እዚያ የተቀመጠች ወጣት ባለሙያ ሰምታኝ ስትጨርስ፣ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ይቻላል» አለችኝ። ስንት ጊዜ አይቻልም የሰማ ጆሮዬ ማመን አቃተው።

የሚቻልባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። ሰው ስለሚያምታታቸው ለይቼ ልጻፍ።

አንደኛው ተራው የፍቺ አቤቱታ ነው። ሁለት ዓመት መጠበቅ የለም። መጀመሪያ ጋብቻው መኖሩን ታስረጃለሽ፣ ወረቀት ካለሽ በወረቀት፣ ከሌለሽ እንደ ባልና ሚስት መኖራችሁን በሚያውቁ ምስክሮች። (ወረቀት የለኝም ብለው ቤታቸው የተቀመጡ ሴቶች ብዙ ናቸው፣ እባካችሁ አትቀመጡ።) ከዚያ አቤቱታው ላይ የሰውየውን መጨረሻ የሚታወቅ አድራሻ ትጽፊያለሽ። ፍርድ ቤቱ በዚያ አድራሻ መጥሪያ ይልካል። ሰውየው በዚያ እንደሌለ ቀበሌው ወይም መጥሪያ አድራሹ ሲያረጋግጥ፣ አንቺም ፈልገሽ እንዳጣሽው በቃለ መሐላ ስታቀርቢ፣ ፍርድ ቤቱ ምትክ መጥሪያ ያዛል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 105 የሚለው ይህን ነው። መጥሪያው በፍርድ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳና ሰውየው መጨረሻ በኖረበት ቤት በር ላይ ይለጠፋል፣ ወይም ፍርድ ቤቱ ተገቢ ነው ባለው በሌላ መንገድ ይሰጣል፣ በልምድ አብዛኛውን ጊዜ በጋዜጣ። በቀጠሮው ቀን ካልቀረበ በሌለበት ይታያል። እኔ የተፋታሁት እንደዚህ ነው።

ሁለተኛው የመጥፋት ውሳኔ ነው። ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 154 ጀምሮ ያለ ነው። አንድ ሰው ከጠፋና ለሁለት ዓመት ምንም ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ መጥፋቱ እንዲወሰን ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤቱም ማመልከቻው በአደባባይ እንዲነገር ያደርጋል። ውሳኔው የመጨረሻ በሆነ ቀን ጋብቻው ይፈርሳል። ይሄኛው ግን ፍቺ ብቻ አይደለም፣ የሰውየውን ውርስም ይከፍታል። ስለዚህ የሚሆነው በሕይወት መኖር አለመኖሩ ለማይታወቅ ሰው ነው። በባሕር ለተሰደደ፣ በጦርነት ለቀረ፣ በረሃ ገብቶ ድምፁ ለጠፋ። ፌስቡክ ላይ ፎቶ የሚለጥፍ፣ ለእናቱ በየዓመት በዓሉ ገንዘብ የሚልክ፣ ሚስቱን ብቻ የሸሸ ሰው በሕግ አልጠፋም። እሱ ተደብቋል። ለእሱ የሚሆነው የመጀመሪያው መንገድ ነው። ይህን ባለመለየት አመልክተው ጊዜያቸውን ያባከኑ አሉ።

ሌላ ሦስተኛ መንገድ የለም። «ሞቷል» ብሎ ምስክር አቁሞ ወራሽነት ማውጣትን እንደ ብልሃት የሚመክሩ ሰዎች አሉ። በሐሰት መመስከር ወንጀል ነው፣ ለሚመሰክረውም ለምታስመሰክረውም። ሰውየው በሕይወት የመጣ ቀን ደግሞ ቤቱም ትዳሩም አብሮ ይፈርሳል። ሽማግሌ ተሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ናት» ብሎ የሚፈርመው ወረቀትም ፍቺ አይደለም። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፣ ሲያስታርቁ አይቼ አመስግኛለሁ። ጋብቻ የማፍረስ ሥልጣን ግን የላቸውም፣ ያቺን ወረቀት ይዞ ባንክ የሄደ ሰው ይመለሳል። «ብዙ ዓመት ከተለያየን በራሱ ፈርሷል» የሚሉም አሉ። እርግጥ የመጨረሻው የፍርድ ቤት ደረጃ የሆነው የሰበር ሰሚ ችሎት ለረጅም ዓመታት ተለያይተው ሌላ ኑሮ የመሠረቱ ሰዎችን ጋብቻ እንደፈረሰ የቆጠረበት ጊዜ አለ። ግን ያ ተከራክረው ተከራክረው ሰበር ድረስ ከሄዱ በኋላ ነው። ማን ነው እዚያ ድረስ የሚሄደው? ቡና ለቃሚዋ? አታስቡት፣ ዛሬውኑ አቤቱታ ማስገባት ይሻላል።

ከውሳኔው በኋላ ያለውም አይረሳ። ፍቺ ብቻ ጠይቆ መውጣት አይበቃም፣ የልጆቹም የንብረቱም ነገር አብሮ ይጠየቅ። የእሱ ድርሻ የእሱ ነው፣ ጥሎኝ ሄዷል ብሎ መብላት አይገባም፣ ግን የትኛው የማን እንደሆነ በውሳኔ ይለይ። ውሳኔው ሲወጣ የፍቺ ምዝገባ ይደረግና ምስክር ወረቀቱ ይያዝ፣ ባንክም ውል የሚያጸድቀውም የሚያየው እሱን ነው። እንደገና ማግባት ለምትፈልግ ሴት ደግሞ ሕጉ ጋብቻው ከፈረሰ 180 ቀን መጠበቅ ያዛል። እርጉዝ ከሆነች የልጁ አባት እንዳይምታታ ነው። ባሏን ለዓመታት ያላየች ሴት ይህን ሁሉ ቀን ጠብቂ መባሏ ለእኔ አይዋጥልኝም። ደግነቱ እርጉዝ አለመሆኗ በሐኪም ከተረጋገጠ መጠበቅ የለባትም። ይህንንም የሚነግራት ሰው ሲኖር ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ይኸው መንገድ ክፉ ሰው እጅ ሲገባ ሌላ ሰው ይበላል።

ወደ ዓረብ አገር የሄዱ እህቶቻችንን ነው የማስበው። ሚስቱ ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ በየወሩ ብር ትልካለች። ባልየው በላከችው ብር ቤት ይሠራል። አንድ ቀን ፍርድ ቤት ሄዶ «አድራሻዋ አይታወቅም» ብሎ ይምላል። ትናንት ማታ አውርቷታል እኮ! የላከችበት ደረሰኝ ኪሱ ውስጥ አለ። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል። እሷ የት ታየዋለች? ስልኳ ሳይቀር በእመቤቷ እጅ ነው። አትቀርብም፣ በሌለችበት ይወሰናል። ኮንትራቷን ጨርሳ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ ትዳሯ የለም፣ ቤቱ የሌላ ሰው ነው፣ ዘመድ ሁሉ ያውቃል፣ ያላወቀችው እሷ ብቻ ናት። ይህን ታሪክ ከአንድ ሰው አይደለም የሰማሁት። ገበያችን ውስጥ ጉልት ላይ ተቀምጣ ይህን የምትተርክ ሴት አለች፣ ስሟን አልጽፍም።

ለእነዚህ እህቶች ሕጉ አንድ በር ትቶላቸዋል፣ ግን በሩ ቶሎ ይዘጋል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 78 በሌለበት የተፈረደበት ሰው ውሳኔውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ውሳኔው እንዲነሳለት ማመልከት ይችላል ይላል። መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በቂ ምክንያት አግዶት እንደነበር ካስረዳ ጉዳዩ እንደገና ይታያል። አንድ ወር ብቻ ናት። ያቺ ሴት መጥታ፣ ሰምታ፣ ራሷን ስታ፣ ታማ፣ ሽማግሌ ልካ፣ ሽማግሌው ደግሞ «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን» ወይም «ረመዳን ይውጣና» ብሎ፣ ወሩ አለቀ። ስለዚህ እንዲህ የደረሰባት ሴት ካለች መጀመሪያ ፍርድ ቤት ትሂድ፣ መዝገቡን ታውጣ፣ ማመልከቻዋን ታስገባ። ልቅሶውም ሽምግልናውም ከዚያ በኋላ ይድረስ። ገንዘብ ስትልክበት የነበረውን ደረሰኝ፣ የተጻጻፉትን መልእክት ሁሉ ትያዝ። አድራሻዋን እያወቀ አላውቅም ብሎ ለማለው ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የተከበራችሁ ዳኞችም ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። «አድራሻዋን አላውቅም» የሚል ሰው ሲቀርብ፣ ጋዜጣውን ከማዘዛችሁ በፊት እናቷ የት እንደሆነች ጠይቁት። ወንድሟ የት እንደሆነ ጠይቁት። ስልኳን ጠይቁት፣ መጨረሻ መቼ እንዳወራት ጠይቁት፣ በማን በኩል እንደሄደች ጠይቁት። እዚህ አገር አድራሻው የጠፋ ሰው ቢኖርም ዘመዱ የጠፋ ሰው ግን እምብዛም የለም። እናቷ ተጠርታ «ልጄ ያለችው እዚህ ነው፣ ቁጥሯም ይኸው» ካለች ነገሩ አለቀ። ወንዱ ሲጠፋም እንዲሁ ነው፣ ወላጆቹ ቀርበው ይጠየቁ። ሕጉ «በሌላ መንገድ» ብሎ ለዳኛው ሰፋ ያለ ቦታ ትቶለታል። በስልክ ይደወል። በቴሌግራም ይላክ። መጥሪያው ቀበሌ ብቻ ሳይሆን የትውልድ መንደሩ ዕድር፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይለጠፍ። በእኛ ክልል ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ ነው፣ የጠፋው ሰው ግን አዲስ አበባ ሊሆን ይችላል፣ ወይም አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሊሆን ይችላል። ሰውየው ይገኝበታል ተብሎ በሚታሰብበት ቦታ፣ በሚያነበው ቋንቋ ካልወጣ መጥሪያው ለማን ነው?

አንዳንዱ ሰው «እንዲህ ከተጠበቀ እኮ እውነት የጠፋባት ሴት ትንገላታለች» ይለኛል። አልስማማም። እኔ ይህን ሁሉ ብጠየቅ እመልስ ነበር፣ በደስታ። የባለቤቴን እናት ስም፣ የወንድሙን ሰፈር፣ ያለኝን ስልክ ሁሉ ሰጥቻለሁ። እውነቷን ለምትናገር ሴት ጥያቄው አይከብዳትም። የሚከብዳት ወጪውና ምልልሱ ነው።

ስለ ወጪው ደግሞ ጉዳዩ የእናንተ ነው፣ አዘጋጅ። የማስታወቂያውን የምትከፍለው ከሳሿ ናት። ዳኝነት፣ ማለት የፍርድ ቤቱን ክፍያ፣ መክፈል ያልቻለ ሰው በደሃ ደንብ ሳይከፍል እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፣ ጋዜጣ ጋ ስትመጣ ግን እንደ ነጋዴው፣ እንደ ጨረታ አውጪው እኩል ትከፍላለች። ቀኑን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ቡና ስትለቅም የምትውል ሴት ይህን ከየት ታመጣዋለች? ሁሉ ተሟልቶላት፣ ምስክሯ ተሰምቶ፣ ምትክ መጥሪያው ታዞላት፣ የጋዜጣ መክፈያ አጥታ መዝገቧን የተወች ሴት አውቃለሁ። በቀጠሮዋ ስላልቀረበች መዝገቡ ተዘጋ። ለቤተሰብ ጉዳይ መጥሪያ ዝቅ ያለ ዋጋ ብታወጡ፣ አቅም እንደሌላት ከቀበሌ ማስረጃ ላመጣችው ደግሞ በነጻ ብታወጡ፣ ከገጻችሁ የሚወስድባችሁ የጣት ያህል ቦታ ነው።

ፊደሉንም አሳድጉት። አሁን ያለው ለእኔም በመነጽር ነው የሚታየኝ። የሰውየው ሙሉ ስም ከነአያቱ ይውጣ፣ መጨረሻ የኖረበት ከተማና ቀበሌ ይጻፍ፣ ስሙ ብቻ ሲሆን በዚያ ስም የሚጠራ ስንት ሰው አለ። የፍቺ መጥሪያዎችን አንድ ላይ አድርጋችሁ በቴሌግራም ገጻችሁም ብታወጡ፣ ጋዜጣ የማይደርስበት ሪያድም ጆሃንስበርግም ይደርሳል፣ ያገር ሰው እርስ በርሱ ይላላካል፣ «ይህቺ እኮ አንቺ ነሽ» የሚላት አታጣም።

በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት የሚፈልጉ ብዙ እህቶችም በከተማችን አሉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ሁለቱም ወገኖች ከፈቀዱ መንገዱን ከፍቶታል። አንዱ ወገን በማይገኝበት ጊዜ እንዴት እንደሚሄድ ከቃዲዎቻችን አንዱ በዚሁ ዓምድ ቢያስረዱን ብዙ ሰው ይጠቀማል፣ ብትጋብዟቸው ደስ ይለኛል።

ደብዳቤዬን ካወጣችሁት ጅማና አካባቢዋ ላሉ አንባቢዎች ይህን ልበል። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ድጋፍ ማዕከል ምክር በነጻ ነው። ስትሄዱ የጋብቻ ወረቀት ካላችሁ ያዙ፣ የልጆቹን የልደት ካርድ ያዙ፣ የጠፋውን ሰው የመጨረሻ ስልክና የዘመዶቹን ስም ጽፋችሁ ሂዱ። የጋብቻ ወረቀት ከሌላችሁ ሠርጋችሁ ላይ የነበሩ ወይም አብራችሁ ስትኖሩ የሚያውቋችሁን ሰዎች አስቡና ፈቃዳቸውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ምስክር በመጨረሻው ሰዓት ሲፈለግ አይገኝም።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት አንባቢ፣ ከጅማ ሄርማታ